በእንቁ አልጋ ዙሪያ

ሀብትነሽ የሆስፒታሉን የሴቶች ክፍል በር በጀርባዋ ደግፋ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አማቷ እማሆይ እህተ ማርያም በነጠላ የተሸፈነ ሳህን ታቅፈዋል። ከእሳቸው ኋላ ከፈረስ ቤት ገጠር በአይሱዙ ተጭነው ፍኖተ ሰላም የገቡ አስራ አንድ ጠያቂዎች አሉ፤ አንዱ እርጎ፣ አንዷ ዳቦ፣ ሌላው በጠርሙስ ጠላ ይዟል። ከዚያ አገር ባዶ እጁን በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ገና አልተወለደም።

«ሰው ይግባ፤ ምግቡ ግን ከዚህ አያልፍም» አለች ሀብትነሽ።

«የአጃ አጥሚት ነው እኮ!» አሉ እማሆይ። «ጥርስ እንኳ አይፈልግም። አራት ቀን እህል ያልቀመሰች ልጅ! አንች እናት ነሽ ወይስ ወህኒ ጠባቂ?»

«ወህኒ ጠባቂ ነኝ። ይቀየሙኝ።»

እውነቱን ለመናገር ሀብትነሽ እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። አስራ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር አማቷ ሲያስሉ ብድግ የምትል፣ ሲጠሯት «አቤት» ብላ የምትሮጥ ሴት ነበረች። አሁን ግን ዶክተር ናሁሰናይ የነገራት ነገር አለ፤ ያንን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። የልጇ የእንቁ አንጀት ተቆርጦ ተሰፍቷል። አንጀቱ ነቅቶ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ልጅቷ ጠብታ ውሃ እንኳ ብትቀምስ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። ከተተረተረ እንደገና መክፈት ነው። ደሟ የነጠፈ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሁለተኛ መከፈትን መቻሏን ደግሞ ዶክተሩ ራሱ አያውቅም።

«መንቃቱ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠይቃው ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በወጣ ሰዓት።

ዶክተሩ የቡሬ ልጅ ነው። ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲራመድ የሚሮጥ የሚመስል ሰው ነው።

«በፈስ» አላት፣ ሳያፍር። «ፈስ ከወጣት መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። እኔም እናንተም ከዛሬ ጀምሮ የምንጠብቀው እሱን ነው።»

ሀብትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይህን ቃል ከተማረ ሰው አፍ፣ ያውም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው፣ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ቢሆንም ያዘችው። ልጇን የሚያተርፍላት ከሆነ ከዚህ የባሰ ቃልም ትይዛለች።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እንቁ አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። ሆዷ ቀስ እያለ ከፍ አለ። መጀመሪያ ወስፋት ነው ተባለ፤ ኮሶ ጠጣች፤ ትሉ ወጣ፣ ሆዱ ግን አልወረደም። ቀጥሎ የተባለው ነገር ማሳፈር የነበረበት ተናጋሪዎቹን ነበር፤ ያሳፈረው ግን ልጅቷን ነው። አረገዘች ተባለ። ውሃ ቀጂው፣ ገበያተኛው፣ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ሁሉ ጣቱን እያጠፈ ወር ቆጠረ። ዘጠነኛው ወር መጣ፤ እንቁ አልወለደችም። አስረኛው አለፈ። አስራ ሁለተኛውም አለፈ። ቆጣሪዎቹ ተሳስተናል ማለት ሲገባቸው ቆጠራውን ብቻ ተዉት። ወሬውን ካወሩት ውስጥ አንድም ሰው እንቁን ይቅር በይኝ ሲል አልተሰማም።

ሀብትነሽም ብትሆን ንጹሕ አልነበረችም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጅቷን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ በር ዘግታ፣ በማርያም ስም አስምላታለች። እንቁ ማለች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከሰው ፊት አትበላም፣ ከሰው ፊት አትሮጥም፤ ስትቀመጥ ጉልበቷን በነጠላ ጠቅልላ ነው፣ ስትስቅም አፏን ይዛ። ሆዷ ያዋረዳት ልጅ ሰውነቷን በሙሉ እንደ ሌባ ትጠብቀው ጀመር። እናቷ ይህን ሁሉ እያየች «አድጋ ነው፣ ጨዋ ሆና ነው» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

በጥቅምት፣ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወሬ ገና ባልበረደበት ሰሞን፣ እንቁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁርጠት ይዟት መንገድ ላይ ቁጭ አለች። አመሻሹ ላይ አረንጓዴ ነገር አስመለሳት። በማግስቱ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሁሉ ቆመ። አባቷ ትዕዛዙ ጎረቤት ጠርቶ ቃሬዛ አሰረ። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ፈረስ ቤት አደረሳት፤ መንገድ ላይ ያገኛቸው ገበያተኛም ሸክሙን እያወረደ ትከሻውን ሰጠ። ከፈረስ ቤት በድንች ጫኝ አይሱዙ፣ በከረጢቶቹ መካከል ተኝታ፣ ፍኖተ ሰላም ገባች። ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሀብትነሽ ልጇን ከሥሯ ሆና በገዛ ሰውነቷ ትቀበላት ነበር።

ዶክተር ናሁሰናይ ሆዷን ከፍቶ ያገኘው አንጀትን በሚይዘው ስስ ሥጋ ላይ የበቀለ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ቅል የሚያህል ከረጢት ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ አብሯት ሲያድግ ኖሯል። በመጨረሻ ክብደቱ አንጀቱን ጎትቶ አጠማዘዘው፤ የተጠማዘዘው ጠቆረ፤ ምግቡም አየሩም ማለፊያ አጣ። ዶክተሩ ከረጢቱን አወጣ፣ የጠቆረውን ቆርጦ ጣለ፣ ጤነኛውን ከጤነኛው ሰፋ።

«እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ ነበር የማውቀው» ብሎ ከረጢቱን በሳህን አድርጎ ለትዕዛዙ አሳየው። «በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።»

ትዕዛዙ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ትክ ብሎ አየው። «ይኸ ነዋ እንግዲህ ልጅ ነው ያሉት» አለ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ።

እንግዲህ በአራተኛው ቀን ጠያቂዎቹ ከሀብትነሽ ጋር ተከራክረው ሲሸነፉ ምግባቸውን በረንዳው ላይ ደርድረው ገቡ። ገቡ ስል ሰፈሩ ማለቴ ነው። በእነሱ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተውም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ አልጋው ዙሪያው ክፍት ከሆነ ሰው ያጣ ሰው ነው ይባላል። ራስጌ እማሆይ፣ ግርጌ የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ዮሐንስ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ ግራና ቀኝ አክስትና ጎረቤት። ሲስተር ያምሮት የተባለችው ነርስ «ሁለት ሰው ብቻ!» ብላ ጮኸች። «እኛ እኮ ከሩቅ ነው የመጣነው» ብለው መለሱላት፣ ያ ሕጉን የሚሽረው ይመስል። ሌሊትም ቢሆን እማሆይ ከአልጋው ሥር አንጥፈው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ነው የሚተኙት።

ዶክተሩ ለዙር መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ወረቀቱን እያየ፣ «እንቁ፣ ፈስ ወጣሽ?» አለ።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰደዱ። አንዷ አክስት በድንገት የነጠላዋን ጥለት መመርመር ጀመረች።

«አልወጣኝም» አለች እንቁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋትም ያው ጥያቄ፣ ያው ሰው ዙሪያውን፣ ያው መልስ። ዶክተሩ ሆዷን ነካ ነካ አደረገው፤ ተነፍቷል። ማዳመጫውን አሳርፎ ብዙ ቆየ። ድምፅ የሰማ መሰለው፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ የሰማውና የሆዱ መነፋት አልገጠመለትም። ሀብትነሽን ወደ በረንዳው ጠራት።

«እናት፣ እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ» አላት። «እስከዚያ ካልወጣት መንገዱ እንደገና ተዘግቷል ማለት ነው። ዝም ብዬ ባየው ውስጧ ይፈነዳል። ስለዚህ እከፍታታለሁ።»

«ትችለዋለች?»

ዋሽቶ ሊያጽናናት ይችል ነበር። «አላውቅም» አላት። «ካልከፈትኳት ግን እንደማትተርፍ አውቃለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ያራምዷት። ጎኗን ያገላብጧት። አንዳንዴ በዚያ ይመጣል።»

ሦስት ሰዓት ሆኗል። እስከ ስምንት አምስት ሰዓት አላት። ሀብትነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። እርሻ ላይ ዝናብ የሚቀድማቸው ቀን እንደምታደርገው ማለት ነው። ወደ ልጇ ገባች።

«ልጀ፣ ተነሽ እስቲ እንራመድ።»

«አልችልም እናየ።»

«በግራ ጎንሽ ዙሪ እሽ።»

«ተይኝ።»

«እኔ ልያዝሽ፣ ቀስ ብለሽ...»

«ተይኝ አልሁሽ!»

«ተያት እንጅ!» አሉ እማሆይ ከራስጌ። «ሆዷ የተሰፋ ልጅ ታንገላቻለሽ? ምግብ ከለከልሽ፤ አሁን ደግሞ እንቅልፍ ልትከለክያት ነው?»

እንቁ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን አጣምራ፣ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ትተኛለች። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ሀብትነሽ ሕመሙ ነው ብላ አሰበች። ላቡን ጠረገችላት፤ እግሯን አሸችላት፤ ለመነቻት፤ ተቆጣቻት። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

«ሰዎቹ መቸ ነው የሚሄዱት?»

«አይዞሽ፣ አንሄድም!» አለች አንዷ አክስት በደግነት። «እስክትድኝ ድረስ የትም አንሄድም።»

እንቁ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠየቀች። አምስት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ሀብትነሽ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጇን አየቻት። የተጣመሩትን እግሮች፣ የተጨበጠውን ብረት፣ የተነከሰውን ከንፈር አየች። እንዲህ አድርጎ የሚተኛ ሰው የሚያመው ነገር ያለው ብቻ አይደለም። የሚይዘው ነገር ያለው ነው።

የእነ ሀብትነሽን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። በዚያው ቀበሌ አዛናው የሚባል ብርቱ ገበሬ ነበር። በሬ ቀንዱን ይዞ የሚጥል ሰው ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ ሽማግሌ ሊሳለም ጎንበስ ሲል አመለጠው። የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁለት ይሻለው ነበር። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አዛናው በሳምንቱ በሬዎቹን ሸጦ ወደ መተከል ወረደ፤ እናቱ ሲሞቱ እንኳ አልመጣም። አዋቂ ወንድ አገሩን ጥሎ የሄደበትን ነገር አስራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ያውም አያቷ እጇን ይዘው፣ የንስሐ አባቷ እግሯ ሥር ቆመው፣ እንዴት ብላ ታድርገው?

ሀብትነሽ ጎንበስ ብላ አፏን ከልጇ ጆሮ አገናኘች።

«ልጀ፣ ይዘሽው ነው?»

የእንቁ እንባ በጎንና በጎን ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«ከትናንት ጀምሮ ይመጣብኛል» አለች በሹክሹክታ። «እይዘዋለሁ። ሲመጣብኝ እይዘዋለሁ።»

«ለምን? ዶክተሩ የነገረንን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እነዚያው ናቸው እኮ እናየ። ወር ሲቆጥሩብኝ የነበሩት እነዚያው ናቸው። ሆዴ አንዴ መሳቂያ አድርጎኛል። ሁለተኛ አያደርገኝም። ብሞት ይሻለኛል።»

ሀብትነሽ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላት። ከዚያ ተናደደች። በልጇ አይደለም። በአስራ አንዱም፣ በራሷም፣ አንዲት ልጅ ከማፈር ሞትን እንድትመርጥ አድርጎ ባሳደጋት ነገር ሁሉ ተናደደች።

«አትሞችም» አለቻት። ቀና አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ተነሡ። ሁላችሁም ውጡልኝ።»

መጀመሪያ የሰማት አልነበረም።

«ውጡልኝ አልሁ!»

«እኔንም?» አሉ እማሆይ።

«እርስዎንም።»

«ልጄ፣ ውዳሴው አላለቀም» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

«ውጭ ይጨርሱት አባታችን። እመቤታችን ውጭም ትሰማለች።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ከበሽተኛ አልጋ ጠያቂ ማባረር ከለቅሶ ቤት አስከሬን መጣል ነው። አንዷ አክስት «ብቻዋን ልትገያት ነው?» አለች፤ አንዱ ጎረቤት ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም ብሎ ማለ፤ እማሆይ መቋሚያቸውን እየደቁ፣ «ባንድ ልጄ ቤት ተዋረድሁ» እያሉ ወጡ። ሀብትነሽ አንዱንም አልመለሰችም። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ በሩን ዘጋች።

ወደ አልጋው ስትመለስ ግን እንቁ ብረቱን አልለቀቀችም። ዓይኗ ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ነው። ሰባት አልጋ አለ፤ በየአልጋው በሽተኛ፣ በየበሽተኛው አስታማሚ፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ እነሱን ያያል። እነዚህን ማባረር አይቻልም።

«በይ ተነሽ» አለች ሀብትነሽ። «ውጭ እንወጣለን።»

ሲስተር ያምሮት ከእንቁ አፍንጫ የወረደውን ቱቦ ጠቅልላ አሰረችላት፤ የጉሉኮሱን ከረጢት ለእናትየው አስያዘቻት። ሀብትነሽ በአንድ እጇ ከረጢቱን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ፣ በሌላው የልጇን ወገብ ይዛ ወጣች። እንቁ ጎብጣ፣ ስፌቷን በመዳፏ ደግፋ፣ አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ ትቆማለች። ኮሪደሩ አልቆ ግቢው ውስጥ ሲደርሱ የተባረሩት ጠያቂዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷን ባዩ ጊዜ አስራ አንዱም ብድግ አሉ። አኩርፈዋል፤ ቢሆንም በሽተኛ ብቻዋን ስትሄድ ዝም ብለው ሊያዩ አይችሉም። አስር ክንድ ያህል ርቀው በዝግታ ይከተሏቸው ጀመር።

ሀብትነሽ ዞረች። «ባላችሁበት! አንድ እርምጃ የቀረበ ሰው በዚህ ጉሉኮስ ነው የምለው!»

ቆሙ። ዓይናቸውን ግን አላነሱም፤ እንቁም ከዓይናቸው ሥር ደርቃ ቀረች።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ አርባ ዓመት የሰው ኃጢአት የሰሙ ሰው ናቸው። የልጅቷን አረማመድ አዩ፤ የእናትየውን ፊት አዩ፤ ዶክተሩ በየዙሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ አስታወሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ ወገኖቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዙሩ» አሉ። ምሥራቅ ማለት ለእንቁ ጀርባ መስጠት ነው። «እግዚኦታ እናደርሳለን። አርባ አንድ ጊዜ። የሚያንሾካሹክ እንዳይኖር፤ ድምፃችሁን ከፍ፣ በጣም ከፍ አድርጉ!»

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» ብሎ ግቢው ተነቃነቀ።

እናትና ልጅ አንሶላ ከተሰጣበት ገመድ ኋላ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ደረሱ። ማንም አያያቸውም፤ በዚያ ጩኸት ማንም አይሰማቸውም። ሆኖም ሁለት ቀን የተያዘ ነገር ልቀቅ ስላሉት ብቻ አይለቅም። እንቁ ግንዱን ይዛ ቆመች። ተጨነቀች። «እምቢ አለኝ እናየ» አለች። አሁን ፈራች። ቅድም ማፈር ብቻ ነበር፤ አሁን ሞቱም ታያት።

ሀብትነሽ ከረጢቱን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችና ልጇን በሁለት እጇ አቀፈቻት።

«ስሚኝማ» አለቻት። «ያን ጊዜ ጓዳ ጠርቼ አስምየሽ ነበር። ማመን ሲገባኝ አስማልሁሽ። እንደሌላው ሰው ቆጠርሁብሽ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ይቅር በይኝ አላልሁሽም፤ አፈርሁ። ይኸው አሁን ልበልሽ። ይቅር በይኝ ልጀ።»

እንቁ ግንዱን ለቀቀች። ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። መጀመሪያ በዝምታ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ሰውነት ቀስ በቀስ ላላ፤ ትከሻዋ ወረደ፤ እያለቀሰችም መጣ። አንዴ። ከዚያ ደግሞ፣ ረዘም ያለ። ከዚያ ሦስተኛ።

ሀብትነሽ ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስታበቃ ከረጢቱን ከቅርንጫፉ አወረደች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለች እንቁ ፊቷን ሳታነሳ።

«ለዶክተሩ ብቻ። በጆሮው።»

«ማይልኝ።»

«በማርያም» አለች ሀብትነሽ።

ሲመለሱ መንገዱ ከመሄጃው ረዘመ፤ እንቁ ደክሟታል። ክፍሉ ሲደርሱ ዶክተር ናሁሰናይ ቀድሟቸዋል። ከዛፍ የወደቀ ሰው ከቋሪት ይዘው እየመጡ ነው ተብሎ ስለተነገረው ስምንት ሰዓትን አልጠበቀም፤ እንቁን ቀድሞ ሊከፍታት ነው። እግዚኦታውን የጨረሱት ጠያቂዎች ተመልሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ትዕዛዙ አልጋው አጠገብ ቆሞ አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም አስነክቷል፤ የስምምነቱ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል።

«ዶክተር!» አለች ሀብትነሽ ልጇን አልጋው ጠርዝ ላይ እያስቀመጠች። «አንዴ ጆሮዎን።»

«ጊዜ የለንም እናት፤ እዚሁ ይንገሩኝ።»

ሀብትነሽ አፏን ከፈተች። አማቷን አየች፤ ቄሱን አየች፤ ልጇን አየች። ቅድም በማርያም ምላለች። አፏን ዘጋችና የዶክተሩን ጋዋን ይዛ ወደ በሩ ትጎትተው ጀመር።

«ወደ ውጭ ይምጡልኝ፣ በሞቴ፣ አንድ ቃል ናት።»

«ተይው ሀብትነሽ» አለ ትዕዛዙ። ድምፁ ተሰብሯል። «ሐኪሙን አታዘግይው።» ጣቱን ወደ ወረቀቱ አወረደ።

«ፈስቻለሁ።»

ድምፁ ቀጭን ነው፤ የሰማው ሰው ሁሉ ግን ዞረ። የትዕዛዙ ጣት ወረቀቱ ሳይነካ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለ ዶክተሩ።

እንቁ ጉልበቷን በአንሶላው ልትጠቀልል ጀምራ ነበር፤ ተወችው። መጀመሪያ አያቷን አየች፤ ከዚያ አክስቶቿን፣ ጎረቤቶቹን፣ ግድግዳ የተደገፉትን ሁሉ አየች። በመጨረሻ ዶክተሩን።

«ፈስቻለሁ» አለች። «ሦስት ጊዜ።»

ዶክተሩ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳረፈ። ቦታ ቀየረ፤ ደግሞ ሰማ። መነፋቱም ጎደል ብሏል። ቀና ሲል በመዳፉ ግንባሩን መታ።

«የቡሬ ልጅ ሆኜ!» አለ። «የቡሬ ልጅ ሆኜ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስጠይቃት!» ወረቀቱን ከትዕዛዙ እጅ ወስዶ አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። «አትከፈትም። አንጀቷ ሠርቷል፤ ልጃችሁ ድናለች።»

ለወለደች የሚባለው ይታወቃል፤ ለታመመ፣ ለሞተበት፣ ለተሾመ የሚባለው ይታወቃል። ለዚህ ግን የተዘጋጀ ቃል የለም። ጠያቂዎቹ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጨነቃቸው፤ አንዳንዱም እንደ ልማዱ ወደ መሬት ማየት ጀምሯል።

ያን ጊዜ ትዕዛዙ ተራመደ። በገበያ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ስለ ልጁ የተባለውን ሁሉ ሁለት ዓመት አንገቱን ደፍቶ የሰማ ሰው፣ ወደ መስኮቱ ሄዶ ሁለቱንም መዝጊያ በረገደው። ውጭ ሣሩ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙት ስምንቱና ሌሎች ያገሩ ሰዎች፣ ገና አሁን ከአይሱዙ ወርደው፣ ወሬ ይጠብቃሉ።

«ፈሳች!» ብሎ ጮኸ። «ልጀ ፈሳች!»

ሣሩ ላይ የነበሩት ብድግ አሉ። ከዚያ እማሆይ እህተ ማርያም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ መነኩሴነታቸውን ረስተው፣ እልል አሉ። አክስቶቹ ተቀበሉ፤ የሰባቱ አልጋ አስታማሚዎች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሉ፤ ግቢውም መለሰ። ሲስተር ያምሮት ዝም በሉ ልትል መጥታ በሩ ላይ ሆና ሳቀች።

ሀብትነሽ ልጇ በአንሶላው ተሸፍና እንደሆነ ብላ ዞር አለች። እንቁ አልተሸፈነችም። ቀና ብላ ተቀምጣ፣ የሚያዩዋትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያቸው ነበር።